አረጋውያን በጎ ፈቃደኞች በአካባቢ ጸጥታና በወንጀል ተጎጂዎች ድጋፍ ውስጥ ያላቸው ሚናና የሥራቸው ወሰን

አረጋውያን በጎ ፈቃደኞች የሚባሉት በጡረታ ከመደበኛ ሥራ የተሰናበቱ፣ ወይም በአካባቢያቸው በሽምግልና፣ በዕድርና በሃይማኖት ተቋማት አገልግሎት የቆዩ፣ ጊዜያቸውንና ልምዳቸውን ያለ ክፍያ ለአካባቢ ጸጥታ ጥበቃና በወንጀል ለተጎዱ ሰዎች ድጋፍ የሚያውሉ ዜጎች ናቸው። በአገራችን መደበኛው የጡረታ ዕድሜ 60 ዓመት እንደመሆኑ፣ መምህር፣ ነርስ፣ ፖሊስ፣ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ወይም የቀበሌ ሠራተኛ ሆነው የኖሩ ብዙ ሰዎች ገና አቅም ሳያንሳቸው ወደ መንደራቸው ይመለሳሉ። ከመንደሩ ሳይወጡ የኖሩት እናቶችና አባቶች ደግሞ የማንኛውም መሥሪያ ቤት መዝገብ የማያውቀውን ያውቃሉ። የትኛው ቤት ሌሊት ጩኸት እንደሚሰማበት፣ የትኛው ልጅ ትምህርት እንዳቋረጠ፣ የትኛዋ የቤት ሠራተኛ ከበር ውጭ ታይታ እንደማታውቅ የሚነግሩት እነሱ ናቸው።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው በተለይ ሁለት ወገኖችን ነው። አንደኛው ወንጀል ደርሶበት የአካባቢ ሽማግሌ ወይም የዕድር እናት እርዳታ የሚሻ ተጎጂ ወይም ቤተሰብ ነው። ሁለተኛው በዚህ አገልግሎት ለመሳተፍ የሚፈልግ አረጋዊ ነው። ለሁለቱም ወገኖች ሊታወቅ የሚገባው ዋና ነገር፣ በጎ ፈቃደኛው ምን ማድረግ እንደሚችልና ሕግ የማይፈቅድለት ምን እንደሆነ ነው።

የአካባቢ ጸጥታ

የአካባቢ ሰው ስለ መንደሩ ጸጥታ ኃላፊነት መውሰዱ በአገራችን አዲስ አይደለም። በቀደመው ዘመን ሌባ ወይም ነፍሰ ገዳይ ሳይታወቅ ሲቀር የአገሩ ሰው በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ፣ ወንጀለኛው እስኪገለጥ ድረስ እንዳይበተን የሚደረግበት አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የተባለ ሥርዓት ነበር። ሥርዓቱ ምስጢር በማውጣት ረገድ የተዋጣለት ይሁን እንጂ፣ ንጹሑንም ጥፋተኛውንም በአንድነት ከሥራው አውሎ ስለሚያሳድር ለበደል የተጋለጠ ነበር። ዛሬ ማንኛውም ሰው በሕግ ከተደነገገው ውጭ ነጻነቱን እንዳያጣ ሕገ መንግሥቱ ዋስትና ሰጥቷል። ከአውጫጭኝ ለዛሬ የሚተርፈው ቁም ነገር አካባቢው የሚያውቀውን መናገር አለበት የሚለው ብቻ ነው።

በማኅበረሰብ አቀፍ የፖሊስ አገልግሎት የተመደበ ፖሊስ የሚሠራው ከነዋሪው ጋር ነው። በሚያደርጋቸው የምክክር መድረኮችም የአገር ሽማግሌዎች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ የሴቶችና የወጣቶች ተወካዮች ይሳተፋሉ። በእነዚህ መድረኮች አረጋውያን የሚያበረክቱት አስተዋጽኦ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል የሚመስል ነው። የመብራት አምፖሉ የተቃጠለበትን መታጠፊያ፣ አጥር የሌለውን የተጀመረ ሕንፃ፣ ከሰዓት እላፊ የሚሸጥ መጠጥ ቤትን፣ ተማሪዎች ስልክ የሚነጠቁበትን አቋራጭ ያመለክታሉ። እንዲህ ያለው ጥቆማ በወቅቱ ለሚመለከተው አካል ሲደርስ በርካታ ወንጀሎች ሳይፈጸሙ ይቀራሉ። አረጋውያን ራሳቸው በሌሊት ሮንድ እንዲወጡ ማድረግ ግን ተገቢ አይደለም። ለዚህ ሥራ በነዋሪው መዋጮ የሚቀጠሩ ጥበቃዎችና ፖሊስ አሉ። የሽማግሌው ድርሻ ጥበቃው ደመወዙ በወቅቱ እንዲከፈለው፣ ያየውንም ለማን እንደሚያሳውቅ እንዲያውቅ ማድረግ ነው።

የአረጋውያን ቃል ከምንም በላይ የሚያስፈልግበት ሁኔታ አለ። «ሌባ! ሌባ!» የሚል ጩኸት በተሰማ ቅጽበት ሕዝብ ይሰበሰባል፤ የተያዘው ሰው ማን መሆኑ ሳይጣራም ዱላ ይጀመራል። በዚህ መንገድ የሞቱና አካላቸው የጎደለ ሰዎች አሉ፤ ከእነሱም ውስጥ ፈጽሞ ያልሰረቁ ይገኙባቸዋል። ድብደባው ራሱ ወንጀል ነው። ሰው ከሞተ ደግሞ የመታው ሁሉ በነፍስ ግድያ ሊጠየቅ ይችላል። ሕጉ እጅ ከፍንጅ የተያዘን ተጠርጣሪ ማንኛውም ሰው ይዞ ሳይዘገይ ለፖሊስ እንዲያስረክብ ይፈቅዳል። መምታት፣ ቤቱን መፈተሽ፣ ማሰር ወይም በኃይል ማናዘዝን ግን አይፈቅድም። በመንደሩ የተከበሩ አንድ አባት ወይም አንዲት እናት ከሕዝቡ ፊት ቆመው «አይመታም፤ ፖሊስ ተጠርቷል» ሲሉ የሚሰማቸው ብዙ ነው፤ ወጣት ተመሳሳዩን ቢናገር ላይሰማ ይችላል። ይህን ሲያደርጉ ግን ብቻቸውን እንዳይሆኑ፣ ቢያንስ ሁለትና ሦስት ሆነው እንዲቀርቡና የፖሊስ ነጻ የስልክ መስመር 991 አስቀድሞ እንዲደወል ይመከራል።

የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

ወንጀል የደረሰበት ሰው ሁልጊዜ በቀጥታ ወደ ፖሊስ አይሄድም። ባሏ የመታት ሚስት ጎረቤት ወዳለች እናት ትሄዳለች፤ የተደፈረች ልጅ ለአያቷ ወይም ቡና አብራ ለምትጠጣ የሰፈር እናት ትናገራለች። ብዙ ጊዜም አትናገርም፤ ከወትሮው ተለይታ ስትታይ አንድ አስተዋይ ሰው ይጠይቃታል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ ነገሩን የሚሰማው ሰው ምን ቢያደርግ እንደሚጠቅም ማወቁ የጉዳዩን ውጤት ሊወስን ይችላል።

ቀዳሚው ጉዳይ ሕክምና ነው። የወሲብ ጥቃት ሲደርስ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት ጥቃቱ ከደረሰበት ጊዜ አንስቶ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በፈጠነ ቁጥርም ይበልጥ ይሠራል። እርግዝናን የሚከላከለው ድንገተኛ መድኃኒት እስከ 120 ሰዓት ድረስ የሚሰጥ ሲሆን እሱም ሲዘገይ ኃይሉ ይቀንሳል። «እስኪነጋ»፣ «አባቷ ከመንገድ እስኪመለስ»፣ «ሽማግሌ እስኪቀመጥ» እየተባለ የሚያልፉት ቀናት ከዚህ የጊዜ ገደብ የሚቀነሱ ናቸው። የሕክምና ምርመራው የተጎጂዋን ጤና ከመጠበቅ በተጨማሪ ለፍርድ ቤት የሚቀርበው የሕክምና ማስረጃ ምንጭ ነው።

ሁለተኛው ማስረጃን መጠበቅ ነው። እናቶች በደግነት ልጅቱን ያጥቧታል፤ ልብሷንም ያጥባሉ፤ ይህ ግን ማስረጃውን ያጠፋዋል። ከተቻለ ገላዋን ሳትታጠብና ልብስ ሳትቀይር ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይመረጣል። ልብስ መቀየር ግድ ከሆነ ደግሞ የተቀየረው ልብስ ሳይታጠብ በወረቀት ወይም በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ መያዝ አለበት። ፌስታል እርጥበትን ስለሚይዝ ልብሱ ላይ ያለውን ማስረጃ ያበላሻል። ታጥባ ከሆነ ግን «አበላሸሽው» ተብላ ልትወቀስ አይገባም፤ ምርመራው ያኔም ይጠቅማል።

ሦስተኛው ነገር ጥያቄን መተው ነው። ተጎጂዋ የሆነውን ነገር ለመጀመሪያው ሰሚ፣ ለአክስት፣ ለዕድር ሰብሳቢ፣ ለቀበሌ፣ ለፖሊስ፣ ለሐኪም፣ ለዐቃቤ ሕግ እየደጋገመች እንድትናገር ስትገደድ ቁስሉ በየጊዜው ይከፈታል። በየጊዜው የምትናገረው ጥቃቅን ልዩነት ሲኖረውም የተከሳሽ ጠበቃ ይጠቀምበታል። በጎ ፈቃደኛው የሚያስፈልገው ጉዳቱ ምን እንደሆነ፣ አደጋው አሁንም እንዳለና ወዴት መወሰድ እንዳለባት ማወቅ ብቻ ነው። ሕፃናትን በተመለከተ ዝርዝሩን መጠየቅ ለሠለጠነ ባለሙያ መተው አለበት። «ለምን በዚያ ሰዓት ወጣሽ?» የሚለው ጥያቄ በማናቸውም ሁኔታ መጠየቅ የለበትም።

ይህን እንግልት ለመቀነስ በአንዳንድ ሆስፒታሎች ሕክምና፣ የሥነ ልቦና ድጋፍ፣ የፖሊስ ምርመራና የዐቃቤ ሕግ አገልግሎት በአንድ ስፍራ የሚሰጡባቸው የአንድ መስኮት ማዕከላት ተቋቁመዋል፤ በአዲስ አበባ የጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ማዕከል ከእነዚህ አንዱ ነው። ማዕከል በሌለበት አካባቢ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ፣ ጎን ለጎንም ለፖሊስ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

አረጋዊው በጎ ፈቃደኛ ከዚህ በኋላ የሚሠራው በአብዛኛው አብሮ መሆንን ነው። በመተላለፊያው ወንበር ላይ አብሮ መጠበቅ፣ የታክሲ ማስላት፣ ቤት የቀሩ ልጆች እራት መብላታቸውን ማረጋገጥ፣ የተሰጠውን ወረቀት ማንበብና ቀጠሮውን ማስታወስ ይገኙበታል። ፖሊስ ጣቢያ ሲደርሱ የተጎጂው ቃል በጽሑፍ እንዲሰፍር፣ ከተጻፈም በኋላ ተነቦለት እንዲፈርም ሕጉ ያዛል። ማንበብ የማይችል ተጎጂ ሳይነበብለት በጣት አሻራ እንዳያረጋግጥ የሚያስታውስ ሰው ከጎኑ መኖሩ ከፍተኛ ጥቅም አለው። ሴት ተጎጂ ቃሏን ለሴት ፖሊስ መስጠት ከፈለገች መጠየቅ ትችላለች። በጎ ፈቃደኛው ስለ ተጎጂው ሆኖ መናገር ግን የለበትም፤ የሚሰጠው ቃል የተጎጂው የራሱ ነው።

እርቅና ወንጀል

አረጋውያን በጎ ፈቃደኞች ብዙ መልካም ሥራ የሚሠሩበትም፣ አንዳንዴም ሳያስቡት ተጎጂን የሚጎዱበትም ይኸው ነጥብ ነው። ሽምግልና በአገራችን ትልቅ ሀብት ነው። የወሰን ክርክርን፣ የዕዳ ጭቅጭቅን፣ የወንድማማቾችን የውርስ ኩርፊያ ፍርድ ቤት ሳይደርስ የሚፈታው እሱ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በሃይማኖታዊ ወይም በባህላዊ ሕጎች መሠረት ሊዳኙ እንደሚችሉ ይደነግጋል። ወንጀል ግን በዚህ ንዑስ አንቀጽ ውስጥ አይገኝም።

ወንጀሎች በሁለት ይከፈላሉ። ስድብን፣ የእጅ እልፊትንና ቀላል የአካል ጉዳትን የመሳሰሉት የግል ተበዳዩ ካላመለከተ በቀር የማያስከስሱ ናቸው። በእነዚህ ጉዳዮች ተበዳዩ በነጻ ፈቃዱ ሲታረቅ አቤቱታውን ሊተው ይችላል። የግል አቤቱታ የሚቀርብበት ጊዜ ግን ተበዳዩ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ብቻ መሆኑ መታወቅ አለበት። ሽምግልናው «ዛሬ ነገ» እየተባለ ከሦስት ወር ካለፈ ተበዳዩ እርቁንም ክሱንም ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች የመጀመሪያ ተግባር ይህን ቀን ለተበዳዩ ማስታወስ ሊሆን ይገባል።

ነፍስ ግድያ፣ አስገድዶ መድፈር፣ ጠለፋ፣ በሕፃናት ላይ የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት፣ ያለዕድሜ ጋብቻ፣ ዝርፊያና ከባድ የአካል ጉዳት ግን ተበዳዩ ቢታረቅም ባይታረቅም ዐቃቤ ሕግ የሚከስባቸው ናቸው። ጠለፋን በተመለከተ የተደረገው ለውጥ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የተጠለፈችውን ሴት ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበት በር ነበረው። ይህም ሽማግሌዎች «የሆነው ሆኗል፤ ትዳር ይሁን» ብለው ነገሩን እንዲቋጩ የሚጋብዝ ነበር። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 587 ይህን በር ዘግቷል። ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ከጠለፋው በኋላ ጋብቻ መፈጸሙም ከወንጀል ተጠያቂነት አያድንም። ዕድሜዋ 13 ዓመት ባልሞላ ልጅ ላይ የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ድፍረት ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ያስከትላል።

ይሁን እንጂ አሁንም የሚታይ ልማድ አለ። የተጠርጣሪው ቤተሰብ ሽማግሌ ይልካል፤ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል፤ ለተጎጂዋ አባት ገንዘብ ወይም ከብት ይቆጠራል። ተጎጂዋ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች መካከል የለችም። ብዙውን ጊዜ ከዚያ ወዲያ ምስክሮች ቃላቸውን ይለውጣሉ፤ መዝገቡም በማስረጃ እጦት ይዘጋል። እንዲህ ያለው ስምምነት በሕግ ፊት ዋጋ የለውም፤ ምስክር እንዳይቀርብ ወይም ሐሰት እንዲናገር የሚገፋፋ ሽማግሌም ራሱ በወንጀል ሊጠየቅ ይችላል። የአገር ሽማግሌ ለእንዲህ ያለ ነገር ሲጠራ ያለምንም ማመንታት «ይህ የእኛ ጉዳይ አይደለም» ማለት ይጠበቅበታል። ይህን ማለት በአንድ መንደር ለሚኖር ሰው ቀላል አይደለም፤ የተከሳሹ አባት የዕድር ጓደኛ፣ የልጅ ክርስትና አባት ሊሆን ይችላል።

በነፍስ ግድያ ሁኔታው በመጠኑ ይለያል። በአማራና በሌሎች አካባቢዎች ደም አድራቂ ሽማግሌዎች ሁለቱን ቤተሰቦች ባያቀራርቡ በቀል ተከትሎ ሁለተኛና ሦስተኛ ሰው የሚሞትበት ጊዜ አለ። ይህ ሥራቸው ሕይወት ያድናል፤ መቀጠልም ይገባዋል። ነገር ግን ደም ማድረቅ ከክሱ ጎን ለጎን እንጂ በክሱ ምትክ የሚከናወን አይደለም። ካሳ መክፈልና መጸጸት ፍርድ ቤቱ ቅጣት ሲወስን ከማቅለያ ምክንያቶች አንዱ አድርጎ ሊቆጥራቸው ስለሚችል፣ ሽማግሌዎቹ የእርቁን ውል በጽሑፍ ለፍርድ ቤት ማቅረባቸው ተገቢ መንገድ ነው።

በትዳር ውስጥ ስለሚፈጸም ጥቃትም አንድ ነገር መባል አለበት። ሚስት ስትመታ «ትዳርሽን አታፍርሺ» ብሎ መመለስ የተለመደ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 ግን በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃት የሚያስቀጣ መሆኑን በግልጽ አስፍሯል። ሴትየዋ ወደ ቤቷ መመለስ የማትፈልግ ከሆነ በአካባቢው ያለው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወደ መጠለያ ሊያገናኛት ይችላል። መመለስ ብትመርጥ ደግሞ ምርጫዋ ይከበራል፤ በጎ ፈቃደኛዋም በሯን ክፍት አድርጋ ትጠብቃለች።

ምስክርነት፣ ምስጢርና ካሳ

በጎ ፈቃደኛ የሰማውን ለሌላ ሰው፣ ለገዛ ቤተሰቡም ቢሆን መናገር የለበትም። ሆኖም እሱ ጠበቃ ወይም የንስሐ አባት አይደለም፤ ፍርድ ቤት ለምስክርነት ከጠራው የሚያውቀውን የመናገር ግዴታ አለበት። ይህንን ለተጎጂው አስቀድሞ መግለጽ ታማኝነት ነው።

ምስክር በመሆናቸው ዛቻ የሚደርስባቸው ሰዎች በወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 መሠረት ጥበቃ ሊያገኙ ይችላሉ። አዋጁ የሚሠራው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት ሊያስቀጡ በሚችሉ ወንጀሎች፣ ምስክሩ ወይም ቤተሰቡ ለከባድ አደጋ ሲጋለጥ ነው። ጥበቃው ማንነትን መደበቅን፣ ከመጋረጃ በስተጀርባ መመስከርንና የመኖሪያ ቦታ መቀየርን ሊያካትት ይችላል። ጥያቄው ጉዳዩን ለያዘው ፖሊስ ወይም ዐቃቤ ሕግ ይቀርባል።

ብዙ ተጎጂዎች ወንጀለኛው መታሰሩን እንጂ ለደረሰባቸው ጉዳት ካሳ መጠየቅ እንደሚችሉ አያውቁም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 101 የግል ተበዳዩ የካሳ ጥያቄውን ከወንጀል ክሱ ጋር አጣምሮ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። የሕክምና ደረሰኝ፣ የመድኃኒት ማዘዣና ከሥራ የቀሩበት ቀን ማስረጃ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በአንድ ኤንቨሎፕ እንዲቀመጥ ማድረግ፣ አንድ ጡረተኛ የሒሳብ ሠራተኛ ለጎረቤቱ ሊያደርገው የሚችል ትልቅ ውለታ ነው።

አረጋውያን ራሳቸው ሲጠቁ

አረጋውያን የወንጀል ዒላማም ይሆናሉ። ባሏ የሞተባት እናት መሬቷ ይገፋል፤ ጡረተኛው ደመወዙን ተቀብሎ ሲመለስ ይጠብቁታል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ በሞባይል ገንዘብ የሚፈጸም ማጭበርበር ተስፋፍቷል። ደዋዩ «ሽልማት ደርሶዎታል፤ አሁን በመልእክት የሚመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» ይላል፤ ወይም «በስሕተት ብር ልኬልዎታለሁ፤ ይመልሱልኝ» ብሎ ይማጸናል። የሚመጣው ቁጥርም ሆነ የምስጢር ቁጥር ለማንም፣ የድርጅት ሠራተኛ ነኝ ለሚልም ቢሆን አይነገርም። ገንዘቡ ከተወሰደ ወዲያውኑ ለአገልግሎት ሰጪው ደውሎ ሒሳቡን ማሳገድ፣ የደዋዩንም ቁጥር ሳያጠፉ ለፖሊስ ማቅረብ ያስፈልጋል። ይህን ለአረጋዊ የሚያስረዳ ሌላ አረጋዊ ሲሆን ይበልጥ ይሰማል፤ የተታለለ ሽማግሌ ለልጆቹ ከመናገር ይልቅ ለእኩያው መናገር ይቀለዋልና።

አገልግሎቱን ማግኘትና መሳተፍ

ድጋፍ የሚፈልግ ሰው በሚኖርበት ቀበሌ ወይም ወረዳ ያለውን የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ፣ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ወይም የዕድሩን ኃላፊዎች ማነጋገር ይችላል። መታወቂያ ካለ ይዞ መሄድ ይጠቅማል፤ መታወቂያ የሌለው ሰው ግን ወንጀልን ከማመልከት አይከለከልም። ወንጀል መፈጸሙን ያወቀ ማንኛውም ሰው፣ በዓይኑ ባያይም እንኳ፣ ለፖሊስ የማመልከት መብት አለው። ለአስቸኳይ ጊዜ ፖሊስ በ991፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይገኛል።

በአገልግሎቱ ለመሳተፍ የሚፈልጉ አረጋውያንም ፍላጎታቸውን ለእነዚሁ ጽሕፈት ቤቶች ያስታውቃሉ። ጤናቸው የሚፈቅደውን ያህል፣ በሳምንት አንድ ግማሽ ቀንም ቢሆን ይበቃል። ማንበብና መጻፍ አለመቻል አያግድም። ከተጠርጣሪው ወይም ከተጎጂው ጋር ዝምድና ወይም የጥቅም ግንኙነት ያለው በጎ ፈቃደኛ ግን ያንን ጉዳይ ለሌላ ያስተላልፋል።

አገልግሎቱ በነጻ የሚሰጥ ነው። ከተጎጂው ወይም ከተጠርጣሪው ወገን ገንዘብ፣ የትራንስፖርት አበል ወይም ስጦታ የሚጠይቅ፣ ምስጢር የሚያወጣ፣ ወይም ተጎጂ ክሱን እንዲተው የሚገፋፋ በጎ ፈቃደኛ ካጋጠመ፣ አቤቱታው ለመደበው ጽሕፈት ቤት ወይም በቀጥታ ለፖሊስ ጣቢያ ኃላፊ በቃልም ሆነ በጽሑፍ ሊቀርብ ይችላል።